የድራማ ክበባችን ዓመት ከሚስተር ቢን ጋር

የድራማ ክበባችን ዘንድሮ አንድ ተዋናይ መርጦ ዓመቱን ሙሉ ሲያጠና ከረመ። ሰውየው እንግሊዛዊው ሮዋን አትኪንሰን ነው። ልጆቹ በዚህ ስም አያውቁትም ነበር። "ሚስተር ቢን" ሲባል ግን ገና ከስሙ ሳቅ ጀመሩ። ምርጫው የራሳቸው ነው። እኔ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፦ "ይህ ሰው ምን ስለሚያደርግ ነው የሚያስቀን?"

መልሱን ፍለጋ ከሕይወት ታሪኩ ተነሣን። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አትኪንሰን በ1955 በሰሜን እንግሊዝ፣ ኮንሴት በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ገበሬ ነበሩ። ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማረ፤ ለማስተርስም ኦክስፎርድ ሄደ። ከጸሐፊው ከሪቻርድ ከርቲስና ከሙዚቃ ደራሲው ከሃዋርድ ጉዳል ጋር የተገናኘው እዚያ ነው። የሁለቱም እጅ በኋላ ሚስተር ቢን ውስጥ ገብቷል። ይህን ታሪክ ሚኒ ሚዲያ ላይ ስናነብ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎቻችን ያጨበጨቡት ጭብጨባ ይገርማል። ኢንጂነር መድረክ ላይ አይወጣም ያለው ማን ነው?

በቴሌቪዥን የታወቀው ከ1979 ጀምሮ ቢቢሲ ላይ በዜናና በፖለቲካ በሚቀልድ ዝግጅት ነው። በ1983 "ብላክአደር" የተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ መጣ። እዚያ ያለው አትኪንሰን ምላሱ ምላጭ ነው፤ ሳቁ ሁሉ ከቃል ነው የሚመጣው። ሚስተር ቢን ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቃል የለም ማለት ይቻላል። አንድ ሰው ሁለቱንም መቻሉ እኔን እስካሁን ያስደንቀኛል።

ልጆቹን ዝም ያሰኛቸው ግን ሌላ ነገር ነው። አትኪንሰን ከልጅነቱ ጀምሮ ይንተባተባል። በተለይ በ"ብ" ድምፅ የሚጀምር ቃል ያስቸግረዋል። ያንን ድምፅ ጨቁኖ፣ አጋኖ መጥራት ለመደ፤ አጠራሩም ራሱ ሳቅ የሚፈጥር መለያው ሆነ። የሌላ ሰው ገጸ ባሕርይ ለብሶ ሲናገር መንተባተቡ እንደሚጠፋም ተናግሯል።

ለወላጆች ቀን የመረጥነው ከሚስተር ቢን ተከታታይ የመጀመሪያውን ክፍል የፈተና ትዕይንት ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1990 ነው የተላለፈው። ቢን ለፈተና ይቀመጣል። እስክሪብቶውን አንድ በአንድ ይደረድራል። ፖስታውን ከፍቶ ወረቀቱን ሲያወጣ ያጠናው ሌላ፣ የመጣው ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ኩረጃ ነው። እኛ ሐሳቡን ወስደን ወደ ራሳችን የሒሳብ ፈተና አመጣነው።

ቀላል መስሏቸው ነበር። ልምምዱ ላይ ግን አንድ ነገር ብቻ ሳምንታት ፈጀ፦ የጎረቤትን ወረቀት ማየት። ዓይንና አንገት አብረው ከዞሩ ማንም አይስቅም። መጀመሪያ ዓይን ብቻ ይሄዳል። አንገቱ ትንሽ ይቆይና ይከተላል። ትከሻው ቀስ ብሎ ያዘነብላል። ከዚያ ፈታኙ ሲያስል ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቢንን የተጫወተችው የአሥረኛ ክፍል ተማሪያችን ይህን ቤቷ መስታወት ፊት ስትለማመድ እናቷ "ልጄ አንገቷን አሟታል" ብለው ተጨንቀው ነበር።

ከአባላቱ አንዱ ይንተባተባል። ጓደኞቹ ንግግር የሌለውን ቦታ ሊሰጡት አሰቡ። እሱ ግን "የፈታኙን ነው የምፈልገው" አለ። በእኛ ድራማ የሚናገረው ፈታኙ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት እንደነበረ፣ ቢን ያጠናው በሁለተኛው ላይ እንደመጣ የሚያስታውቀው እሱ ነው። የድራማው ሳቅ በሙሉ የተንጠለጠለው በዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

በዕለቱ ድራማው እንደተጀመረ መብራት ሄደ። ማይክም የለ፣ ሙዚቃም የለ። ንግግር ስለሌለው ምንም አልጎደለበትም። ፈታኙ ተራው ሲደርስ ቃሉ አንዴ ያዘው። ቆመ። አዳራሹም አብሮት ቆመ። ከዚያ ጮክ ብሎ ጨረሰው፤ ሳቁ ከኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ።

ከፊት የተቀመጡት የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ስለ ሒሳብ ፈተናው ብዙም አልገባቸውም፤ ግን ከሁሉም በላይ የሳቁት እነሱ ናቸው። አትኪንሰን ይህን ገጸ ባሕርይ በ1987 ሞንትሪያል ውስጥ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ተመልካች ፊት የሞከረው ያለ ቃል ይሠራ እንደሆነ ለማየት ነበር። ራሱም ቢን በትልቅ ሰው አካል ውስጥ ያለ ልጅ ነው ይላል። የእኛ ሕፃናት ወዲያው ነው የለዩት።

ልጆቹን በጣም ያስገረማቸው ቁጥሩ ነው። ከ1990 እስከ 1995 የተሠራው የቴሌቪዥኑ ሚስተር ቢን 15 ክፍል ብቻ ነው። እነሱ በመቶ የሚቆጠር መስሏቸው ነበር። ፊልሞቹና የካርቱን ዝግጅቱ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ ከታላቁ ኦርኬስትራ ጋር ተቀምጦ በአንድ ጣት አንዲት ኖታ ሲደጋግም የሚታይበትን ቪዲዮ የዓመቱ መዝጊያ አድርገን አየነው።

በሚቀጥለው ዓመት ክበቡ ንግግር ወዳለበት ኮሜዲ ይሻገራል። የፈታኙ ተዋናይ ጽሑፉን ከአሁኑ ጀምሮታል። ምዝገባው መስከረም ላይ ነው፤ ቦታው እንደተለመደው ቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለው ክፍል ነው።