አባባ፣ ስራ ቀይሬያለሁ

አባባ እንደምን አለህልኝ። ይሄን ሚሚ ማታ ከራት በኋላ እንድታነብልህ ነው የነገርኳት፣ ቀን ከሆነ በረንዳው ሰው ይሞላል አንተም ለሰው ብለህ ትስቃለህ፣ እኔ ደሞ እንድትስቅ አልፈልግም፣ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። በስልክ ልነግርህ ሶስቴ ሞክሬ ሶስቱንም ጊዜ ስለ ልጆቹ አውርተን ዘጋን። አንዴ ኔትወርኩ ተቆራረጠ፣ ሁለቱን ጊዜ ግን ኔትወርኩ አልነበረም፣ እኔ ነኝ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ሶሊያና የፊት ጥርሷ ወለቀ፣ ጣራ ላይ ወርውሪው ብላት "ጣራው እኮ የላይኞቹ ሰዎች ወለል ነው" አለችኝ፣ እውነቷን ነው፣ በመጨረሻ ፓርኪንግ ወርደን ጀርባ ያለው የቆሻሻ ቤት ጣራ ላይ ወረወርነው። ናታን ለክፍሉ ስለ ድሬ ዳዋ ፅፎ ነበር። ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት አልቻለም፣ ስለዚህ እታች ሜዳው ላይ በፈረንጅ በ1902 ጣቢያ ተሰራ፣ ከዛ ከተማ ሆነ ብሎ፣ ካንተ የሰማውን ቃል በቃል። አስተማሪው "ከተማችሁ የተወለደችው ባቡር ስለደከመው ነዋ" ሲለው ናታን ተናዶ "አያቴ አልደከመውም" አለው አሉ። ቤት መጥቶ እንባው እየመጣ ነው የነገረኝ።

እሺ። ከነርሲንግ ሆሙ ከወጣሁ ወር ሊሞላኝ ነው። አሁን የምሰራው ሐዲድ ላይ ነው። የባቡር ሐዲድ ጥገና፣ አዎ አባባ፣ አካፋና መዶሻ ይዤ። ሚሚ እዚ ጋ ቆም በይና ፊቱን እይልኝ፣ ከተቆጣ ሻይ ስጪውና ቀጥዪ።

"ሴት ልጅ ሐዲድ ላይ ምን ትሰራለች" እያልክ ዲፖው ጋ ስንቴ በጠጠር እንዳባረርከኝ አልረሳሁም። ወንድሜን ኤርሚያስን ግን ድሬዚኗ ላይ፣ የሐዲድ ጋሪዋ ላይ፣ ጭነህ ሽንሌ ድረስ ወስደኸዋል። ይሁን።

እንዴት እንደገባሁ ልንገርህ፣ እኔ እንደሁ እንደናንተ ጊዜ የሚያስገባኝ ዘመድ የለኝ። ኦንላይን ሞላሁ፣ ለኢንተርቪው ጠሩኝ፣ አምስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ተቀምጦ "በረዶ ላይ ሌሊት ትወጫለሽ? ከቤትሽ ሳምንት ትርቂያለሽ?" ይልሃል። ከዛ ሽንት ምርመራ፣ ፀጉር እንኳን ሳይቀር ቆርጠው ለሀሺሽ ይመረምራሉ (ጫትም ዋጋ ያስከፍላል እዚህ፣ ለነ ኤርሚያስ ንገርልኝ)፣ ጆሮ፣ አይን፣ ቀለም መለየት። ከሁሉም የባሰው ግን የጉልበት ፈተናው ነው። መዶሻ አያስይዙህም፣ ወንበር ላይ አስቀምጠው ጭንህን በቀበቶ ያስሩና እግርህን ማሽኑ ላይ ገፋ ሳብ፣ ከዛ ትከሻህን እንደዛው፣ ኮምፒውተሩ ይቆጥራል። ሴት ነሽ ወንድ ነህ የለም፣ መስመሩ ያው አንድ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ወደቅኩ። ዘጠኝ አመት ሙሉ ሽማግሌ ከአልጋ ሳነሳ ከርሜ ወደቅኩ። ወገቤ እንጂ ጉልበቴ አልጠነከረም ለካ።

ደግሜ እስክሞክር ስድስት ወር ነበረኝ። ያን ጊዜ ስልክ ባነሳህ ቁጥር የማለከልከው ለዛ ነበር፣ አንተ "አስም ያዘሽ እንዴ" ስትል ጉንፋን ነው እልህ ነበር። የሰራሁትን ብታይ ትስቃለህ። የቀለም ባልዲ ሁለት ገዝቼ ኮረት ሞልቼ፣ በያንዳንዱ እጅ 20 ኪሎ ይዤ ፓርኪንጉን እዞራለሁ፣ ጎረቤቶቼ ቤት የምሰራ መስሏቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደሞ ከኛ በመኪና ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ማኒቱ የሚባል ቦታ አለ፣ ድሮ ተራራ ላይ በገመድ የሚሳብ ባቡር ነበረው፣ በፈረንጅ በ1990 ናዳ አበላሸውና ዘጉት፣ ሐዲዱን አንስተው ከስሩ የተጋደመውን እንጨት፣ ትራቨርሱን፣ ተዉት። አሁን ሰው እሱን እንደ ደረጃ ይወጣዋል። ከ2,700 በላይ ደረጃ ነው፣ ወደ 600 ሜትር ቀጥ ያለ ዳገት። የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ላይ ተቀምጬ አስመለሰኝ። አንዷ ነጭ አሮጊት በዱላ አልፋኝ ሄደች። ስድስተኛው ቅዳሜ ላይ ሳልቆም ወጣሁ፣ እላይ ደርሼ ትራቨርሱን በእጄ ነካ ነካ ሳደርገው አንተን አሰብኩ፣ በጥሩ ልበል በመጥፎ አላውቅም።

የናንተ ትራቨርስ ብረት ነበር እኮ፣ ምስጥ ይበላዋል ብላችሁ። እዚህ እንጨት ነው፣ ጥቁር ዘይት የጠጣ፣ አንዱ 100 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ሁለት ሰው በመቆንጠጫ ይጎትተዋል፣ አብዛኛውን ማሽን ነው የሚሰራው ግን ማሽኑ የማይደርስበት አለ ሁሌም። ሚስማሩን የምንመታበት መዶሻ አራት ኪሎ ተኩል ነው፣ ጭንቅላቱ ቀጭንና ረጅም፣ ስተህ ሐዲዱን ከመታህ እጅህን እስከ ጥርስህ ይነዝርሃል። ካቦያችን "በክንድሽ አትምቺ፣ ከፍ አርጊና እንዲወድቅ ተይው" አለኝ፣ ያንተ ቃል ነው፣ ለኤርሚያስ እንጨት ስታስፈልጠው ያልከው። በሁለቱ ሐዲድ መሃል ያለውን ስፋት ትጠይቃለህ አውቃለሁ፣ የናንተ ድፍን አንድ ሜትር፣ የኛ 1,435 ሚሊ ሜትር፣ አዲሱ የኤሌክትሪኩ የጅቡቲ መስመርም ይሄው ነው። ደሞ መገጣጠሚያ የለውም፣ ኪሎ ሜትር ሙሉ ተበይዶ አንድ ነው። ያ ቀ-ቀ፣ ቀ-ቀ የለም። በጋ ላይ ሲግል የሚሰፋበት ስላጣ ወደ ጎን እንደ እባብ ይጠማዘዛል፣ አሁን በብርዱ ደሞ ይኮማተርና ይበጠሳል፣ ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አንዱን ስንቀጥል ነው ያደርነው። ባዶ ቦታውን ለመዝጋት ሐዲዱን በእሳት አሙቀን ነው የምናስረዝመው። አንተ ብታየው ሌሊቱን ሙሉ ቆመህ ትከራከር ነበር።

መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ነው ያስተማሩን። ባቡር በየትኛውም ሰዓት፣ በየትኛውም ሐዲድ፣ ከየትኛውም አቅጣጫ ይመጣል ብለህ ጠብቅ፣ እሱ ሳይደርስ 15 ሰከንድ ቀድመህ ጥግ ይዘህ መቆም አለብህ፣ ሐዲዱን አትርገጥ ተሻገረው። የመታጠፊያ ፍጥነት ያስተማሩን ቀን የአዋሹ የባቡር አደጋ ትዝ አለኝ፣ የጥር 1977ቱ፣ ከ400 ሰው በላይ ያለቀበት። አንተ ስለዛ ቀን ያወራኸን አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "ፍጥነቱን አልቀነሰም"። ሌላ ምንም። ክፍሉ ውስጥ እጄን አውጥቼ ልናገር ብዬ ተውኩት፣ እንግሊዝኛዬም አልመጣልኝም።

ብሩ ጥሩ ነው፣ ኢንሹራንሱ ለልጆቹም ይሆናል፣ 30 አመት ሰርተህ 60 ከሞላህ ሙሉ ጡረታ፣ እኔ በ39 ጀምሬ ቁጭ ብለህ አስላው። ሰኞ ወጥቼ አርብ ማታ ነው የምመለሰው፣ ሆቴል ነው የምናድረው፣ ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ናቸው፣ ምንም ብንለያይ በልጆቹ አይታማም።

አሁን ያንተን ነገር። ሚሚ "ውጤቱ ደህና ነው" አለችኝ፣ ደህና የሚባል ውጤት የለም፣ ሚሚ ወረቀቱን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፣ ሁለቱንም ገፅ። አባባ ሐኪሙን አስፕሪን እንደምትወስድ ነግረኸዋል? ከኦፕራሲዮን በፊት የግድ ማወቅ አለበት፣ አትደብቅ፣ ሽንት ነው ብለህ ማፈር የለም፣ እኔ ስንት የሰው አባት አጥቤያለሁ። ብሩን ለኤርሚያስ ልኬያለሁ፣ ደም የሚሰጥ ሰው ካስፈለገ የኤርሚያስ ጓደኞች አሉ፣ ከሆስፒታል ስትወጣ ፎቁ ላይ እንዳትወጣ፣ ሳሎን ፍራሽ ያንጥፉልህ።

ጥር 20 ለኦፕራሲዮኑ አልመጣም።

የመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ሙከራ ናቸው፣ አንድ ቀን ከቀረሁ ያሰናብቱኛል፣ ጠይቄያለሁ፣ ሁለቴ። ትኬት ሁሉ አይቼ ነበር። የካቲት ላይ ያልቅና እመጣለሁ፣ በሱ ጊዜ አንተ ድነህ በረንዳው ላይ ትሆናለህ።

ሚሚ የሚቀጥለውን ዝለይው ብዬ ፅፌ ነበር፣ አጠፋሁት። አንብቢው።

አባባ ያ ነሐሴ። ከአዲጋላ ማዶ ጎርፉ ኮረቱን ጠርጎት ሐዲዱ እንደ ልብስ ማስጫ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ ያልክበት። እማዬ ሰኞ ሆስፒታል ገባች፣ ሐሙስ ጠዋት አለቀች። አንተ የመጣኸው በአስራ አንደኛው ቀን ነው፣ ድንኳኑ ተነስቶ፣ እስከ ጉልበትህ ጭቃ ሆነህ። እትዬ ዘነበች እስከሞቱ ድረስ "በጣቢያ ስልክ ተነግሮታል" ይሉ ነበር። አንተ አዎም አይደለምም ብለህ አታውቅም። እኔም አልጠየቅኩህም፣ ይኸው ሰላሳ አመት። ተነግሮህ ነበር ወይ?

እዚህ የስራ ጓደኞቼ፣ ትንሽ ያጫወትኳቸው፣ "አሁን እራስሽ ስትሰሪው ይገባሻል" ይሉኛል። ይገባኛል ብዬ ነበር እኔም። ግን አባባ ባሰብኝ እንጂ አልገባኝም። ምክንያቱም አሁን ጎርፍ የወሰደው ሐዲድ እንዴት እንደሚሞላ አውቃለሁ፣ ስንት ሰው እንደሚፈልግ አውቃለሁ፣ አንድ ሰው ቢጎድል ስራው እንደማይቆም አውቃለሁ። ካቦ ብትሆንም። ያኔ አንተ ከሌለህ ባቡር የሚቆም ነበር የሚመስለኝ፣ ልጅ ስለነበርኩ። ሳላውቀው ይሻለኝ ነበር።

ይሄን ፅፌ ደሞ ጥር 20 አልመጣም የሚለውን ከላይ አነበብኩት። ቡድናችን 14 ሰው ነው። እኔ ብጎድል 13ቱ ይሰሩታል። እሁድ ማታ ቦርሳዬን ሳዘጋጅ ሶሊያና በር ላይ ቆማ "ስንት ቀን ነው?" ትለኛለች፣ እኔ ያንተን ፔርሙስ እያየሁ እንደቆምኩት። ምን እንደምላት አላውቅም፣ አንተ ምን ነበር የምትለኝ? ምንም አትለኝም ነበር መሰለኝ፣ ጭንቅላቴን ነካ አርገህ ትወጣለህ።

አንድ ነገር አለ። ቦት ጫማህ፣ ያ የባቡሩ ድርጅት የሰጣችሁ ረጅሙ ጥቁሩ፣ ከለቅሶው በኋላ ጠፍቶ ሰፈር ያመሰከው። ኤርሚያስን በቀበቶ የገረፍክበት፣ ለሊስትሮ ሸጦ ከረሜላ በላበት ብለህ። እሱ አይደለም። እኔ ነኝ። ደቻቱ ወንዝ ወርጄ ጣልኩት፣ አንዱን ከድልድዩ ላይ፣ ሁለተኛውን ወርጄ አሸዋው ውስጥ ቀበርኩት። ጫማ ከሌለህ አትሄድም ብዬ ነበር። አንተ በማግስቱ ሰኞ በሸራ ጫማ ሄድክ። ኤርሚያስ ያኔም እንደሚያውቅ አልነገረህም፣ አይቶኝ ነበር፣ እስካሁን አንድም ቀን አላነሳብኝም። እሱን ጥራውና የምትለውን በለው፣ እኔ በስልክ አልቻልኩም።

ለስራ ስንገባ ቦት ግዙ አሉን፣ አፍንጫው ብረት፣ ተረከዙ የተለየ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚታሰር። ሱቁ ውስጥ አርባ ደቂቃ ቁጭ ብዬ ነው የመረጥኩት። ሻጩ ለማን ነው አለኝ፣ ለባሌ የምገዛ መስሎት። ለራሴ አንድ ገዛሁ። ሌላ አንድ ደሞ የወንድ አየሁ፣ ጥቁር፣ ቀለል ያለ፣ ብረት የሌለው፣ በረንዳ ላይ ለመዋል የሚሆን። የእማማ አልማዝ ልጅ ለጥምቀት ይመጣል፣ ሁለት ኪሎ ብቻ ነው የሚይዝልኝ።

43 ነበርክ አይደል? ሚሚ እግሩ አብጧል ብለሽኝ ነበር፣ ማታ ላይ ስታጥቢው በክር ለክተሽ ላኪልኝ፣ ሁለቱንም እግር፣ 44 ላድርገው እንደሆነ።