ሰማይ የሚያዳምጥ ግድግዳ

ይድረስ ለወንድሜ ለተስፋዬ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ክርክር ለሽማግሌ እንተወውና ወደ ወሬዬ ልግባ። መቼም የፊዚክስ አስተማሪ ባትሆን ኖሮ በዚህ ጉዳይ አላደክምህም ነበር።

እዚህ እንግሊዝ፣ ኬንት ውስጥ፣ ዴንጅ የሚባል ጠጠራማ የባሕር ዳርቻ አለ። ለጎብኚ የሚከፈተው በዓመት ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ቀኑ ሲገጥምልኝ ሄድኩ። ሦስት የኮንክሪት ግንቦች ቆመዋል። ሁለቱ በጎናቸው የቆሙ ግዙፍ ሳፋዎች ይመስላሉ፤ የአንዱ ስፋት 6፣ የሌላው 9 ሜትር ነው። ሦስተኛው 60 ሜትር የሚረዝም ቆልመም ያለ ግድግዳ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1928 እስከ 1930 የተሠሩት፣ ራዳር ሳይፈጠር በፊት የጠላት አውሮፕላንን ድምፅ ከባሕሩ ማዶ ለመልቀም ነበር። የሥራው መሪ ዊልያም ታከር የሚባል የጦር ሠራዊቱ የድምፅ ተመራማሪ ነው።

አዳማጩ የሐኪም ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ከጎድጓዳው ፊት የተተከለውን መለከት ወዲያና ወዲህ ያዞራል። ድምፁ ይበልጥ የጎላበት ቦታ የአውሮፕላኑን አቅጣጫ ይነግረዋል። የሞተር ጉርምርምታ ወፍራም ድምፅ ስለሆነ የሞገዱ ርዝመት ሜትሮች ይደርሳል፤ ረጅም ሞገድ የሚሰበስበው ከሱ የሚበልጥ ግድግዳ ነውና ያን ሁሉ ያስገነባቸው ይህ ነው። ነፋስ ሲነሣ ወይም መርከብ ሲያልፍ ግን ጆሮው ይደነቁራል።

ያ የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ግዙፍ የአውሮፕላን ማዳመጫ መለከቶችን ሲጎበኙ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ትዝ ይልሃል? ሰው ሁሉ ይስቅበታል። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ሒሳቡን ሥራና እይ። አውሮፕላኑ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ያሰማው ድምፅ እስኪደርስ 88 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር የሚበር የአንደኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ ከሆነ፣ ከተሰማ በኋላም ለመድረስ 12 ደቂቃ ይቀረዋል። በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር የሚበር ከሆነ ግን ድምፁ ሲሰማ እሱ 20 ኪሎ ሜትር ላይ ደርሷል፤ የቀረህ 3 ደቂቃ ነው! መሣሪያው አልተበላሸም፤ አውሮፕላኑ የገዛ ድምፁን እግር በእግር መከተል ጀመረ እንጂ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የካቲት 1935 ዋትሰን ዋት የሚባል የብሪታንያ ተመራማሪ ዳቬንትሪ ከተማ አጠገብ አውሮፕላንን በሬዲዮ ሞገድ ሲያገኝ፣ ማለትም ራዳር ሲወለድ፣ የኮንክሪቱ ነገር አበቃ።

ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት እንግሊዝ ትገዛት በነበረችው በማልታ ደሴት ላይ፣ ፊቱን ወደ ጣሊያኗ ሲሲሊ ያዞረ ተመሳሳይ ግድግዳ ተሠርቶ ነበር፤ የደሴቱ ሰዎች «ጆሮው» ይሉታል። ጣሊያን እኛን ለመውረር ስትነሣ እንግሊዝ የጦር መርከቦቿን ከማልታ ወደ እስክንድርያ ያሸሸችበት ወቅት ነው። ያንተ ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ስትደበደብ ግን ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ተኮሱ። እንዲህ ያለ ጆሮ ቢኖረን ያስጥለን ነበር አልልህም፤ ለጥቂት ደቂቃ ግን ሰዉ ከከተማው ይወጣ ነበር እላለሁ።

ሒሳቡን ለተማሪዎችህ ስጣቸው፤ ነፋስ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆንም ጠይቃቸው። መልሳቸውን ላክልኝ። እማማንና ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ፣
ግርማ