ሰይፉን ያወረደው ሰውዬ እጅ አልሰጠም

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጆች፣

ሰላም ለናንተ። ባለፈው ሳምንት ስለ ጥንቱ የአውሮፓ የሰይፍ ፍልሚያ ያወጣችሁትን ጽሁፍ አነበብኩት፣ ስለዚ ስፖርት በአማርኛ ጋዜጣ አያለሁ ብዬ ስላልጠበኩ መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ። ፎቶው ስር ያለውን ሳነብ ግን ሳቄ መጣ። ማስክ ያደረጉ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ሰይፉን ከራሱ በላይ ሰቅሏል፣ ሌላው ሁለት እጁን ወደታች ለቆ የሰይፉ ጫፍ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም፣ እናንተ ደሞ «የደከመው ተጋጣሚ እጅ ሲሰጥ» ብላችሁ ጻፋችሁበት። ኧረ አልሰጠም! እንደውም ከሁለቱ አንዱን ግጠም ብባል እኔ የምፈራው እሱን ነው።

ያ አቋቋም እኮ ስም አለው። ከ14ኛው ክፍለ ዘመን አስተማሪ ከዮሐንስ ሊሽተናወር ጋር በሚያያዘው የጀርመኖቹ የረጅም ሰይፍ ትምህርት ውስጥ ዋናዎቹ ጋርዶች፣ ማለትም ሰይፍ ይዞ የሚቆምባቸው አቋቋሞች፣ አራት ናቸው። አንዱ «በሬ» ነው፣ ሰይፉ ከፊት ጎን እንደ ቀንድ ይደገናል። «ማረሻ» ደሞ ከወገብ አካባቢ ተነስቶ ጫፉን ወደ ተጋጣሚ ፊት ያነጣጥራል። «ፎም ታግ» የሚሉት ሰይፉን ትከሻ ላይ ወይ ከራስ በላይ ይይዛል። አራተኛው «አልበር» ነው፣ ትርጉሙም በቃ ጅል ማለት ነው። ፎቷችሁ ላይ ያለው ሰውዬ የቆመው በአልበር ነው።

እንግዲህ ጅሉ ማነው የሚለው የቆየ ክርክር ነው። በፈረንጆቹ 1570 ስትራስቡርግ ላይ ትልቁን መጽሐፉን ያሳተመው ዮአኪም ማየር ጅሉ ቋሚው ራሱ ነው ባይ ነው፣ ምክንያቱም ከዛ አቋቋም ላይ ወዲያው የምትሰነዝረው የተዘጋጀ ምት የለህም፣ መጀመሪያ የሌላውን መመከት ከዛ እንደገና ሰይፍህን መሰብሰብ አለብህ፣ መልስ ሳያዘጋጅ ሰው እንዲመታው የሚፈቅድ ደሞ ጅል ነው። ዛሬ ላይ ብዙ የሚጫወቱ ሰዎች ግን ጅሉ አይቶ ዘው የሚለው ነው ይላሉ። እኔ እንደ ቅኔ ነው የማየው፣ ሰሙ ጅል ነው፣ ወርቁን የምታገኘው ማስክህ ላይ ከተመታህ በኋላ ነው። ጣልያኖቹ ጋ ስትሄዱ ስሙ ጭራሽ ይገለበጣል፣ በ1410 አካባቢ የጻፈው ፊዮሬ ዴ ሊቤሪ ለዚህ በጣም የሚቀርበውን አቋቋም «መካከለኛው የብረት በር» ነው የሚለው። ሌላም ዝቅ ያለ ጋርድ አለው «የከርከሮ ጥርስ» የሚባል፣ ከርከሮ እንደሚያደርገው ከታች ወደ ፊት ሽቅብ ይወጋና ተመልሶ ከላይ ወደታች ይቆርጣል። የብረት በርና የከርከሮ ጥርስ እጅ የሰጠ ሰው ስም ይመስላል?

ደሞ ጽሁፋችሁ ውስጥ «ከባዱን ሰይፍ መሸከም ሲያቅታቸው ያወርዱታል» የሚል አለ። ይሄኛው እንኳን ቀላል ነው፣ የሁለት እጅ ረጅም ሰይፍ ባብዛኛው ከ1.2 እስከ 1.6 ኪሎ ቢሆን ነው፣ በቃ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰይፍህን ስታወርድ ለሰውየው የምትነግረው ጭንቅላቴ ባዶ ነው ና ምታኝ ነው። የሱ ሰይፍ ከፍ ብሎ ስላለ የሚቀናውም ይሄው ነው፣ ከላይ ወደታች መምታት። ማታለሉ እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም በሌላ ጊዜ ከግራ ይምጣ ከቀኝ፣ ይውጋ ይቁረጥ አታውቅም፣ አሁን ግን ምርጫውን አንተ አጥብበህለታል፣ የት እንደሚመታ ከሱ በፊት አውቀሃል። ሲመጣ ወይ ወደ ጎን ረግጠህ ከታች ፊቱን ሽቅብ ትወጋለህ፣ ወይ ሰይፍህን አንስተህ መስቀለኛው ላይ፣ ማለትም ከእጀታው በላይ ያለው አግዳሚ ብረት ላይ፣ ትቀበለዋለህ፣ ወይ ደሞ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ብለህ አየሩን እንዲመታ ትተወውና ሰይፉ ወደታች ሲያልፍ ተከትለህ ትገባለህ። ሦስተኛውን እወደዋለሁ ግን ልብ ይፈልጋል።

ታዲያ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ተንኮሉ እጅ ላይ ነው ብሎ ነው። እኔም እንደዛ ነበርኩ። ይሄን ስፖርት ስጀምር የመጀመሪያ ሁለት ወር ትያትር እሰራ ነበር ማለት ይቻላል፣ ትከሻዬን ጣል አደርጋለሁ፣ የደከመኝ እመስላለሁ፣ አንዴ እንደውም ሌላ ቦታ የማይ መስዬ ዓይኔን አዞርኩ፣ ከዛ ጓ! አናቴ ላይ፣ ማስኩ ባይኖር ዛሬ ይሄን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። አሰልጣኙ ከልቡ ስቆ ሲያበቃ ሰይፌን ረስቶ እግሬን ነበር ያየው። የቆምክበትን እየው አለኝ። ልክ ነበር፣ ሰውየው ሳይራመድ እጁን ብቻ ዘርግቶ የሚደርስብኝ ርቀት ላይ ነው ሰይፌን አውርጄ የተገተርኩት። የሱ ሰይፍ ከላይ ያለችውን አጭር መንገድ ትመጣለች፣ የኔ ከመሬት ተነስታ ነው የምትመጣው፣ ሩጫው ገና ሳይጀመር አልቋል።

መፍትሄው እሱ አንድ እርምጃ ካልረገጠ የማይደርስበት ቦታ ላይ መቆም ነው። ያቺ እርምጃ ናት ያንተ ጊዜ። እግሩ ሲነሳ ሰይፍህም ይነሳል፣ ስለዚ የምታየው የፊት ጉልበቱን ነው፣ የሰይፉን ጫፍ ካየህ ዘግይተሃል። ያንተ ክብደትም ተረከዝ ላይ ከተቀመጠ አለቀልህ፣ ሰይፍህ ተኝታ እግርህ ግን መንቃት አለበት።

ይሄን ሁሉ ብታደርግም የሚሰብረው ነገር አለ፣ ጀርመኖቹ ራሳቸው መድኃኒቱን አስተምረዋል፣ «ሻይተልሃው» ይሉታል፣ የአናት ምት እንበለው። ነገሩ የጂኦሜትሪ ነው። ክንድህን ከትከሻህ ትክክል ወደፊት ስትዘረጋ ነው ሰይፍህ ሩቅ የሚደርሰው፣ ወደታች ባዘነበልከው ቁጥር እያጠረ ይሄዳል። ስለዚ አንዱ ርቀቱን ጠብቆ እጁን ከፍ እንዳደረገ ዘርግቶ አናትህን ሲመታህ፣ አንተ ከታች ያለህ ሰይፍ እሱ ጋ አይደርስም፣ እሱ ግን ደርሷል። ክለባችን ውስጥ አንድ በጣም ረጅም ልጅ አለ፣ ከሱ ጋር አልበር መቆም ትቻለሁ። ሌላው አደጋ ውሸቱን በውሸት የሚመልስ ሰው ነው፣ ከላይ የሚመታ መስሎ አንተን ሰይፍህን ያስነሳሃል፣ ከዛ ዞር አድርጎ በሌላ ጎን ወይ እጅህ ላይ። አውራ ጣቴ በወፍራሙ ጓንት ውስጥ ሆኖ አንድ ሳምንት ሙሉ ያበጠው በዚህ ነው።

አሁን አሁን የማደርገው ምን መሰላችሁ፣ አልበር ላይ ሄጄ አልቆምም፣ እወድቅበታለሁ። ማለቴ ከሩቅ ሆኜ ከላይ እውነተኛ ምት እሰነዝራለሁ፣ ሆን ብዬ ትንሽ አሳጥራታለሁ፣ ሰይፉ ይስትና ራሱ ታች ይቀመጣል። ሰውየው ያየው ስቶ የተጋለጠ ሰው ነው፣ መሳቴም እውነት ነው፣ ትያትር የለውም፣ ስለዚ ሳያስብ ይገባል። ዝም ብዬ ታች ይዤ ስቆም ግን ሁሉም ሰው ወጥመድ እንደሆነ ስለሚያውቅ ሁለታችንም እየተያየን እንቆማለን፣ ተመልካቹም ይሰለቻል፣ ፎቶ አንሺው ደሞ ደከመው ይላል።

ስለዚ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፣ የፎቶውን መግለጫ በሚቀጥለው እትም አስተካክሉልኝ። ፎቶውንም እንደገና ብታወጡት ጥሩ ነው ግን ከስር አትቁረጡት፣ ያሁኑ ላይ እግራቸውን ቁርጭምጭሚት ላይ ቆርጣችሁታል፣ ሰውየው ተረከዙ ላይ ይሁን ጣቱ ላይ ይቁም ሳላይ ማን እንዳሸነፈ ልገምት አልቻልኩም።

አንባቢያችሁ ነኝ