ለልጄ፣ ከሜሪላንድ ውጭ ስለመማር

ውድ ልጄ፣

በቃል ስናወራው ወደ ጭቅጭቅ እየሄደብን ስለሆነ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው። አስቀድመሽ ይህን እወቂልኝ፦ ያን ሌላ ስቴት ያለውን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በማግኘትሽ ኮርቻለሁ፤ አባትሽም ለዘመድ ሁሉ ደውሎ አብስሯል። ራቅ ብለሽ መማርሽን አልጠላሁም። ያስጨነቀኝ ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ነው።

የላኩልሽን የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤ ማታ መስመር በመስመር አነበብኩት። ከላይ ስኮላርሺፕና ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል መንግሥት ዕርዳታ አለ፤ አይመለስም፣ እሰየው። ቀጥሎ በአንቺ ስም 5,500 ዶላር የፌዴራል ብድር አለ፤ በወላጆቹ ሥር ላለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ጣሪያው እሱ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር ግን ከታች «ፓረንት ፕላስ» በሚለው መስመር ላይ ያለው ነው። እሱ እኔና አባትሽ የምንበደረው ነው። ሁሉንም ደምረው «ጠቅላላ ድጋፍ» ስላሉት ወጪሽ የተሸፈነ ይመስላል።

የፓረንት ፕላስ ወለድ በ2025-26 የትምህርት ዘመን 8.94 በመቶ ነበር፤ ገንዘቡ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ አዲሱ ሕግ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20 ሺህ፣ በድምሩ ከ65 ሺህ ዶላር በላይ መበደር አይፈቅድም። አስቢው እስቲ፦ በየዓመቱ 20 ሺህ ብንወስድ ለአራተኛው ዓመት የሚተርፈን 5 ሺህ ብቻ ነው። ልትመረቂ አንድ ዓመት ሲቀርሽ ገንዘብ አልቆ ከትምህርት ስትቀሪ ማየት አልችልም።

የስቴቱ ልጅና ከሌላ ስቴት የመጣ ተማሪ የሚከፍሉት ዋጋ ለምን እንዲህ ይራራቃል ብለሽ ነበር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲን የሚደጉመው የዚያ ስቴት ግብር ከፋይ ነው። እኛ ግብር የምንከፍለው ለሜሪላንድ ነው። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ለስቴቱ ልጅ የዓመት ትምህርትና አገልግሎት ክፍያው 12 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ ከሌላ ስቴት ለመጣ ከ40 ሺህ ያልፋል። አንቺ በምትሄጂበት ደግሞ እንግዳዋ አንቺ ነሽ። ፔል ግራንት የፌዴራል ስለሆነ የትም ይከተልሻል፤ ሜሪላንድ የምትሰጠው የሮሊንግስ ግራንት ግን ሜሪላንድ ውስጥ ላለ ኮሌጅ ነው። «አንድ ዓመት ከኖርሽ ነዋሪ ትሆኛለሽ» ያለችሽን ጓደኛሽን አትስሚ። ወላጆችሽ ሜሪላንድ እስካሉና በእነሱ ሥር እስካለሽ ድረስ በአብዛኛው እንደ ሜሪላንድ ነዋሪ ነው የምትታዪው፤ ለትምህርት ብሎ መሄድም እንደ መኖሪያ ለውጥ አይቆጠርም።

ሁሉም ስቴት አንድ ዓይነት አይደለም፤ ይህን ለታናሽ ወንድምሽም አስቀምጪለት። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲና ቻፕል ሂል ያለው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ከሌላ ስቴት ለመጣም ተማሪ የተረጋገጠ የገንዘብ ችግሩን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናሉ፤ መግባቱ ግን ከባድ ነው፣ ፋፍሳ ከሚባለው የፌዴራል ድጋፍ ማመልከቻ ሌላ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ቅጽም ያስሞላሉ። አላባማ በነጥብና በፈተና ውጤት ስኮላርሺፕ ይሰጣል። የዴንቨሯ የአክስትሽ ልጅ ሌላ የምዕራብ ስቴት ሄዳ ስትማር የከፈለችው የዚያን ስቴት ነዋሪ ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ነው፤ የምዕራብ ስቴቶች እንዲህ ያለ ስምምነት አላቸው። ሜሪላንድ እዚያ ውስጥ የለችም። እኛ ያለንበት አካዳሚክ ኮመን ማርኬት የሚሉት የደቡቦቹ ስምምነት ነው፤ የምትፈልጊው የትምህርት ዘርፍ ሜሪላንድ ከሌለና በዝርዝራቸው ካለ፣ ሌላው ስቴት በነዋሪ ዋጋ ያስተምርሻል። የአንቺ ዘርፍ እዚህም ስላለ አልጠቀመንም እንጂ ጥሩ ነገር ነው።

አሁን የቀረን አንድ በር አለ። ፋፍሳ የተሞላው በ2024 ታክሳችን ነው። ያኔ አባትሽ ሙሉ ሰዓት ይሠራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሰዓቱ እንደተቀነሰ ወረቀቱ አያውቅም። የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ገቢ ሲቀንስ ማስረጃ አይቶ እንደገና የማስላት ሥልጣን አለው። ስለዚህ በራስሽ ስም ጻፊላቸው። ልመና አታድርጊው፤ መቼ እንደተቀነሰና በወር ስንት እንደጎደለ በቁጥር አስቀምጪ። ከአሠሪው ደብዳቤ አባትሽ ያመጣል፣ የደመወዝ ወረቀቶቹን (ፔይ ስታቦቹን) እኔ እሰበስባለሁ።

ከእኛ በኩል በመስከረም የሚደርሰኝን ዕቁብ ጨምሮ በዓመት 8 ሺህ ዶላር እንችላለን። የአንቺን 5,500 ብድርም እቀበላለሁ። በእነዚህ ሁለቱ ከሞላ ሻንጣሽን እኔው እገዛልሻለሁ፣ መርቄም እሸኝሻለሁ። ካልሞላ ፓረንት ፕላስ ላይ አልፈርምም፤ የተቀበለሽ ኮሌጅ ፓርክ ትገቢያለሽ። ይህን አባትሽም ተስማምቶበታል።

ለዩኒቨርሲቲው እገባለሁ ወይም አልገባም የሚል መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን ሜይ 1 ነው፤ ቢሮው ደግሞ ለመመለስ ጊዜ ይወስዳል። ደብዳቤውን እስከ ዓርብ ጨርሺውና አሳዪኝ፤ ቅዳሜ ከሥራ ቀርቼ ከማስረጃው ጋር አብረን እንልከዋለን።

እናትሽ
ሲልቨር ስፕሪንግ