ልጄ፣ ሳይጠይቁህ ንገራቸው

የኔ ጌታ፣ እንዴት ሰነበትህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እዚህ ጎንደር ሐምሌ ገብቶ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፤ መብራቱም መጣ ሄደ እያለ ይኼን ደብዳቤ ሁለት ቀን አስፈጀኝ። ረዘም ስላለብኝ ራሴ አንብቤ በድምፅ ቀድቼ ቴሌግራም ላይ ልኬልሃለሁ። ድምፁን ክፈትና ጽሑፉን በዓይንህ እየተከተልህ ስማው። ካመለጠህ መልሰህ ክፈተው፣ ማንም አይቸኩልብህም።

እሑድ ስንደዋወል ያልኸኝ ነገር ከሆዴ አልወጣም። እዚያ አሜሪካ በኦንላይን የአሶሼት፣ የሁለት ዓመቱን ዲግሪ ልትጀምር መሆኑን ነግረኸኝ ደስታዬን ሳልጨርስ፣ «ዲስሌክሲያ እንዳለብኝ ግን ለኮሌጁ አልናገርም፣ ለምን ብዬ?» አልህ፤ ያን ማንበብን የሚያከብድብህን ነገር። ያን ጊዜ ዝም ያልሁት ተስማምቼ አይደለም። የምመልሰው ጠፍቶኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ ኔትወርኩ በፈቀደልኝ መጠን ሳነብ ነው የሰነበትሁት። ያነበብሁትንም የማስበውንም ልጽፍልህ ነው።

መጀመሪያ ግን የኔን ጥፋት ልንገርህ። ሁለተኛ ክፍል እያለህ ማታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ፊደል አስቆጥርህ ነበር፣ ታስታውሳለህ። ሉ እና ሊ። ቅጥያዋ ከወገቡ ላይ ስትሆን ሉ፣ ከእግሩ ሥር ስትሆን ሊ። አሥር ጊዜ በትክክል ትላቸውና አሥራ አንደኛው ላይ ትጠፋብህ ነበር። 33ቱ በሰባት ሲባዛ 231 ፊደል ነው፤ እሷ አንዲት ቅጥያ ያለችበት ቦታ ነው ሁሉን የሚለየው፣ ለአንተ ደግሞ የሚከብድህ እሱ ነበር። እኔ ግን «ልብህ ሌላ ቦታ ነው» እያልሁ በማስመሪያ ጣትህን እመታህ ነበር። ዓይኑ ነው ብዬ ሐኪም ዘንድ ወሰድሁህ፣ ዓይኑ ምንም አልሆነም አሉኝ፤ አላመንኋቸውም፣ መነጽር ገዛሁልህ። ጸበልም ሰባት ቀን አመላለስሁህ። አንድ አስተማሪህ ከክፍሉ ፊት አቁሞ እያስነበበ «ሰነፍ» ሲልህ፣ ልጆቹ ሲስቁብህ፣ ቤት መጥተህ ስትነግረኝ «አጥናና አሳያቸው» ነው ያልሁህ። ሄጄ መሟገት ነበረብኝ። አልሄድሁም።

አሁን አንተ በሰው አገር ተመርምረህ ወረቀቱን ስታነብልኝ ነው የገባኝ። ነገሩ ዓይን ላይ አይደለም። አእምሮ ድምፅን ከፊደል ጋር የሚያያይዝበት መንገድ ነው፤ ከብልህነት ጋርም አይገናኝም፣ ከስንፍናም ጋር አይገናኝም። ይቅር በለኝ ልጄ። ይኼን በስልክ ልለው ሞክሬ እንባ ቀደመኝ።

ደግሞ ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። የኔታ ዘንድ ስትማር ቀን ቀን በንባብ ከሁሉም ወደኋላ ትቀር ነበር። ማታ በቃል ትምህርት ጊዜ፣ ጨለማ ሆኖ መጽሐፍ በማይታይበት፣ ሁሉም በጆሮው ብቻ በሚማርበት ሰዓት ግን አንተን የሚደርስብህ አልነበረም። ውዳሴ ማርያምን ከጓደኞችህ ሁሉ ቀድመህ በቃልህ ጨረስህ። አያትህ አጠገቡ አስቀምጦ ያስደግምህ ነበር፣ አንዲት ቃል አትስትም። እና ልጄ፣ በጆሮ መማር ለአንተ ያኔም መንገድህ ነበር። አገራችንም ስንት ሊቅ ያወጣችው በዚህ ነው፤ እዚሁ በአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም ለመማር ከየአገሩ የሚመጣው ደቀ መዝሙር አብዛኛውን በቃሉ ነው የሚይዘው። ኮምፒውተሩ መጽሐፉን ድምፅ አውጥቶ ያንብብልኝ ብትል ማጭበርበር የሚመስልህ ለምንድን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እዚያ ሕግ አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 የወጣው የተሀድሶ ሕግ ክፍል 504 እና በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ኮሌጆች ለእንዳንተ ዓይነት ተማሪ ተገቢውን ማመቻቸት እንዲያደርጉ ያስገድዳሉ፤ ትምህርቱ በኦንላይን መሆኑም ግዴታውን አያስቀርላቸውም። ስለዚህ የምትጠይቀው ውለታ አይደለም። ግን አንድ ነገር ልብ በል። በሃይስኩል ቢሆን ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው ልጁን ፈልጎ የሚያግዘው። ኮሌጅ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፣ ተማሪው ራሱ ሄዶ ካልተናገረ ማንም አይጠይቀውም። እኔ እናትህ ብደውልላቸው እንኳ አንተ በጽሑፍ ካልፈቀድህ ስለትምህርትህ አንዲት ቃል አይነግሩኝም፣ ይኼም በ1974 የወጣ ሕግ ነው። አየህ፣ ያኔ ልናገርልህ ስችል ዝም አልሁ፤ አሁን ልናገርልህ ብፈልግ አልችልም። ቃሉ ከአንተ አፍ ነው መውጣት ያለበት።

የምትነግረውም ለሁሉም አይደለም። በየኮሌጁ ለዚህ ጉዳይ የተመደበ ቢሮ አለ። የምርመራ ወረቀትህን ትሰጣቸዋለህ፣ ቀጠሮ ይይዙልሃል፣ ምን እንደሚከብድህ ይጠይቁሃል፣ ከዚያ የሚገባህን ዘርዝረው ደብዳቤ ይጽፉልሃል። ያ ደብዳቤ ለመምህራኑ ሲሄድ የምርመራውን ወሬ አይነግራቸውም፤ «ለዚህ ተማሪ የፈተና ሰዓት በግማሽ ይጨመርለት» ነው የሚለው። የ60 ደቂቃው ፈተና 90 ይሆንልሃል። ኦንላይን ላይ ደግሞ ሰዓቱ በሲስተሙ ስለሚቆጠር መምህሩ አስቀድሞ ገብቶ ካላስተካከለልህ ፈተናው መሀል ላይ ይዘጋብሃል፤ ስለዚህ ደብዳቤው ከመጀመሪያው ፈተና በፊት መድረስ አለበት። በየሴሚስተሩም እንደ አዲስ ማስላክ እንዳለብህ አትርሳ።

ከሁሉ በላይ የምፈራልህ ይኼን ነው፦ «መጀመሪያ ልሞክረው፣ ካቃተኝ ያኔ እናገራለሁ» ትል ይሆናል። ሰው ሁሉ እንደዚያ ይላል። ግን ማመቻቸቱ ወደኋላ አይሠራም። በጥቅምት ሁለት ፈተና ወድቀህ በኅዳር ብትናገር፣ የኅዳሩን ያግዙሃል እንጂ የጥቅምቱ ውጤት እንዳለ ይቀራል። ተናግረህ ሳትጠቀምበት ብትቀር ግን ምንም አልጎደለብህም። ደብዳቤው ኪስህ ውስጥ ይቀመጣል።

ኦንላይን ስለሚባለው ነገርም አንድ ልበል፣ እኔ እዚህ ፒያሳ ከዩኒቨርሲቲው ከማራኪም ከቴዎድሮስ ካምፓስም የሚመጡ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ስተይብ ነው የምውለውና ትንሽ አውቃለሁ። ሰው ኦንላይን ሲባል የሚቀልል ይመስለዋል። ለአንተ በአንድ በኩል ይቀልልሃል፣ ቪዲዮውን ሦስቴ አራቴ መልሰህ ታየዋለህ፣ ከፊት አቁሞ የሚያስነብብህም የለም። በሌላ በኩል ግን ክፍል ውስጥ መምህሩ በአፉ የሚናገረው ነገር እዚያ ሁሉም ጽሑፍ ነው። ማስታወቂያው ጽሑፍ ነው። የቤት ሥራው መመሪያ ጽሑፍ ነው። ውይይት የሚሉት እንኳ እየጻፍህ ነው የምትወያየው። ለዚህ ነው ከመመዝገብህ በፊት ስለ እያንዳንዱ ኮርስ መጠየቅ ያለብህ፦ ትምህርቱ በቪዲዮ የተቀዳ ነው ወይስ አንብብና ጻፍ ብቻ? ከቪዲዮው ሥር የንግግሩ ጽሑፍ ይወጣል? ውይይቱን በድምፅ መመለስ ይፈቀዳል? መጽሐፉ ኮምፒውተር ሊያነበው በሚችል መልክ ነው ወይስ ዝም ብሎ የተነሳ ፎቶ? ይኼ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፣ ግን ገጹን ስካን አድርገው እንደ ፎቶ ከጫኑት ማንበቢያው ፕሮግራም አንዲት ቃል አያወጣም። እኔ ሱቅ ውስጥ በየቀኑ የማየው ችግር ነው።

ማንበቢያውን ለመግዛት ደግሞ ገንዘብ አታውጣ። ዎርድ ውስጥ ራሱ አለልህ፤ «ሪድ አላውድ» የምትለዋን ተጫን። እኔ ሞከርሁት፣ እያነበበ ያለበትን ቃል በቀለም እያደመቀ ይሄዳል፣ ዓይንህ እንዳይጠፋ። ፍጥነቱንም ታስተካክለዋለህ። ቡክሼር የሚባል ቤተ መጻሕፍትም አለ፣ ዲስሌክሲያ ላለበት የአሜሪካ ተማሪ በነፃ ነው፤ ቢሮው ያስመዘግብህ እንደሆነ ጠይቅ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ አሶሼት የሁለት ዓመት ነው የሚባለው ዝም ብሎ ስም ነው። ባብዛኛው 60 ክሬዲት ነው። በሁለት ዓመት ለመጨረስ በሴሚስተር 15 መውሰድ አለብህ፤ አንተ ሌሊት እየሠራህ 15 አትሞክረው፣ እባክህ። ስድስት ክሬዲት ብትወስድ አሥር ሴሚስተር ነው። ይርዘም። እዚህ ማን ይቆጥርብሃል? ጎረቤት «ልጅሽ መቼ ነው የሚመረቀው» ቢለኝ መልሱን እኔ አውቅበታለሁ። ከጨረስህ በኋላ ልቀጥል ካልህም ክሬዲቱ ወደ አራት ዓመቱ ዲግሪ እንዲዛወርልህ ከአሁኑ የሚዛወረውን ዓይነት ፕሮግራም ምረጥ፤ የሥራ ሙያ የሆነው አሶሼት አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ አይዛወርም።

በገንዘቡ በኩል እዚያው ካለህበት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ከአካባቢህ የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ብትማር ይሻልሃል እላለሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ነዋሪነትህን ለማስመስከር ቢያንስ አንድ ዓመት መኖር ይጠይቃሉ፣ አንተ እሱን አልፈኸዋል፣ ስለዚህ ዝቅ ያለውን የነዋሪ ክፍያ ነው የምትከፍለው። ግሪን ካርድ ስላለህ ፋፍሳን፣ የመንግሥቱን የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ፣ መሙላት ትችላለህ፣ መሙላቱም በነፃ ነው፤ ልሙላልህ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅህን አትስማ። ፔል ግራንት የሚሉት የማይመለስ ድጋፍ በፈረንጆቹ 2025–26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው፣ እንደ ገቢህና እንደምትወስደው ክሬዲት ይቀንሳል። ዲቪህን እዚሁ ሱቄ ውስጥ እኔ ነኝ የሞላሁልህ፤ ይኼንንም ከፈለግህ በቪዲዮ አብረን እንሞላዋለን።

ለእንዳንተ ዓይነት ተማሪ ብቻ የተቋቋመ ኮሌጅም እንዳለ አነበብሁ። ላንድማርክ ይባላል፣ ቨርሞንት ውስጥ ፑትኒ የምትባል ከተማ ነው፣ በፈረንጆቹ 1985 ሲከፈት በዲስሌክሲያ ነው የጀመረው፤ በኦንላይንም ያስተምራሉ። ደስ አለኝ። ክፍያው ግን ከእኛ አቅም በላይ ነው። ያም ሆኖ የኦንላይን ገጻቸውን አየት አድርገው፣ ለተማሪው በየሳምንቱ የሚያነጋግረው አሠልጣኝ ይመድባሉ፤ ያንተም ኮሌጅ እንደዚያ ያለ ነገር እንዳለው ለመጠየቅ ይረዳሃል። ፌስቡክ ላይ አይተህ የላክህልኝን ያን «በስድስት ወር ዲግሪ» የሚለውን ማስታወቂያ ግን ተወው። እውቅና ያለው መሆኑ የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር መዝገብ ላይ ይታያል፣ ፈለግሁት፣ አላገኘሁትም።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ እፍረቱ። «እዚያም ሰነፍ እንዳይሉኝ» ነው የምትለው፣ በቃል ባትለውም ድምፅህ ነግሮኛል። ቢሮው ውስጥ ያሉት ሰዎች ሥራቸው ይኼ ነው፤ በየቀኑ እንዳንተ ያለ ተማሪ ነው የሚያነጋግሩት። ስትገባ እንደ ድሮው ክፍል ፊት የቆምህ አይምሰልህ።

በነሐሴ መጨረሻ ነው የሚጀመረው ብለኸኛል፣ ስለዚህ ፍልሰታ ሳይገባ ይኼን ጨርሰው። ኢሜሉን አታርዝመው። ስምህን ጻፍ። የዲስሌክሲያ የምርመራ ወረቀት እንዳለህና የኦንላይን ተማሪ ልትሆን መሆንህን ጻፍ። ቀጠሮ እንደምትፈልግ ጻፍ። ሦስት መስመር ይበቃል፣ ስፔሊንጉን ኮምፒውተሩ ያርመዋል፣ ባያርመውም ግድ የለም። በጽሑፍ ከከበደህ ስልካቸው ላይ ደውል፣ እሱም ይቆጠራል።

በርበሬውንና ሽሮውን አክስትህ ከምትልከው ሰው ጋር አድርጌልሃለሁ። ሰኞ እዚያ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮው ሲከፈት እዚህ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ነው። ሱቅ ነኝ። ከላክኸው በኋላ ደውልልኝ።

እናትህ