ደብዳቤዬን ላነበብሽልኝ ልጅ

ይህ ምስጋና ከ25 ዓመት በላይ ዘግይቷል። ይቅርታ አድርጉልኝ።

በ1991 እና በ1992፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ጊዜ፣ ዛላምበሳ ግንባር ነበርኩ። ሞባይል ገና እኛ ጋ አልደረሰም። ከቤት የሚያገናኘን ደብዳቤ ብቻ ነው፤ እሱም ፈቃድ የወጣ ጓድ ወይም ወደ አዲግራት የሚሄድ ኦራል የጭነት መኪና ከተገኘ። ደብዳቤያችንን በፌስታል ጠቅልለህ ከመቀመጫህ ሥር ታደርግልን የነበርከው ሾፌር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የእኔ አንዱም አልጠፋም።

ትልቁ ምስጋናዬ ግን ለአንቺ ነው፤ ለጎረቤታችን ልጅ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ደብዳቤዬን የምታነቢላት፣ መልሱንም የምትጽፊላት አንቺ ነበርሽ። ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነሽ።

እኔ ደግሞ «ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ» ካልኩ በኋላ የምሽጉን ቋንቋ ሳላስበው እለቀው ነበር። «ኮቾሮ አስመረረን» ብዬ ስጽፍ እናቴ «ኮቾሮ ደግሞ ማነው? ልጄን ምን አደረገው?» ብላ ብድግ አለች አሉ። አባትሽን ጠይቀሽ ነገርሻት፤ የወታደር ደረቅ ዳቦ ነው፣ ሻይ ውስጥ ካልነከሩት ጥርስ ያወልቃል። በወሩ አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ መጣልኝ። እኔ የደረሰኝ አንድ እፍኝ ነው፣ ሌላውን ጋንታው ተሻማው።

የባሰው «ዝናብ» ነው። እኛ ምሽግ ውስጥ የመድፍ ድብደባ ዝናብ ነበር የሚባለው። በየካቲት «ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብብን አደረ» ብዬ ጻፍኩ። ለገበሬ ሴት! «በየካቲት ሌሊቱን ሙሉ የሚጥል ምን ዓይነት ዝናብ ነው?» ብላ ያዘችሽ። አንቺ ገብቶሻል። ግን «እዚያ አገሩ ደጋ ነው እማማ፣ በበጋም ይጥላል» አልሻት።

በመልሱ ደብዳቤ ግርጌ፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሑፍ እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «ጋሼ፣ ስለ ዝናቡ አትጻፍ። ስለ ብርዱ ጻፍ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ብርድ ብቻ ጻፍኩ። እናቴ ጋቢ ላከች።

ሰኔ 11 ቀን 1992 አልጀርስ ላይ ተኩስ ለማቆም ተፈረመ። የዚያን ሳምንት ደብዳቤዬን ስጨርስ ከታች ለአንቺ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ዝናቡ አባርቷል።»

እናቴ አምና አረፈች። ሳጥኗን ስንከፍት ደብዳቤዎቼ በነጠላ ጥለት ታስረው አገኘናቸው። የሰኔው ደብዳቤ ግርጌው የለም። በመቀስ ተቆርጧል።

አንቺ ጋ ነው?