ጥናቱን ማን እንዳስጠናው አብሮ ይጻፍ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ አሜሪካ የጤና መድን ማሻሻያ በሚወጡ ዘገባዎች ውስጥ «አንድ ጥናት እንዳመለከተው» የሚለው አነጋገር ይዘወተራል፤ የጥናቱን ወጪ የከፈለው ማን እንደሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይገለጽም። እዚሁ አገር ለምንኖርና መድናችንን በየዓመቱ ራሳችን መርጠን ለምንገዛ አንባቢዎች ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2009 ኮንግረሱ ከግል ኩባንያዎች ጎን ለጎን መንግሥታዊ የጤና መድን ይቅረብ ወይስ አይቅረብ እያለ ሲከራከር፣ 119 ሚሊዮን ሰዎች ከግል መድን ይወጣሉ የሚለውን የሌዊን ግሩፕን ግምት የዕቅዱ ተቃዋሚዎች ደጋግመው ይጠቅሱት ነበር። የዚህ ጥናት ድርጅት ባለቤት ግን ከአገሪቱ ታላላቅ የመድን ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ዩናይትድኸልዝ ግሩፕ ነበር። ሌዊን ግሩፕ በሥራው ማንም ጣልቃ እንደማይገባበት ገልጿል፤ እኔም ቁጥሩ ተፈብርኳል አልልም። ሆኖም 119 ሚሊዮን የሚደርሰው መንግሥታዊው መድን ለቀጣሪዎች ሁሉ ክፍት ሆኖ ለሐኪሞችና ለሆስፒታሎች ሜዲኬር በተባለው የአረጋውያን መንግሥታዊ መድን ተመን ሲከፍል መሆኑን፣ ለግለሰቦችና ለአነስተኛ ቀጣሪዎች ብቻ ከተፈቀደ ግን ግምቱ ወደ 32 ሚሊዮን እንደሚወርድ ያው ጥናት ያስረዳል። ለሕዝብ ጆሮ ይደርስ የነበረው ግን ብዙውን ጊዜ ትልቁ ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ የተመሠረተበት ሁኔታም ሆነ የድርጅቱ ባለቤት ማንነት ሁልጊዜ አብሮ አይነገርም ነበር።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር፣ የሴኔቱ የፋይናንስ ኮሚቴ በማሻሻያው ረቂቅ ሕግ ላይ ድምፅ ሊሰጥ ሲቃረብ፣ የመድን ኩባንያዎች ማኅበር ፕራይስዋተርሀውስኩፐርስ በተባለው የሒሳብ ምርመራና የማማከር ድርጅት ያስጠናው ሰነድ የቤተሰብ የመድን ክፍያ እጅግ እንደሚንር አስጠነቀቀ። አጥኚው ድርጅት ግን ብዙም ሳይቆይ፣ ሰዎች መድን እንዲገዙ መንግሥት የሚሰጠውን ድጎማ የመሳሰሉ የረቂቅ ሕጉ ዐበይት ክፍሎች በስሌቱ እንዳልተካተቱና ይህም የሆነው በማኅበሩ ትእዛዝ መሆኑን አስታወቀ። ድጎማውን ትቶ የክፍያውን መናር ብቻ መናገር ሰውን ከማሳሳት አይለይም ብዬ አምናለሁ።

ቲንክ ታንክ በሚባሉት የፖሊሲ ጥናት ተቋማት ዘንድ ማጣራቱ ይበልጥ ይከብዳል። ከግብር ነፃ የሆኑ እንደነዚህ ያሉ ድርጅቶች ዓመታዊ የገቢና ወጪ ሰነዳቸውን ለሕዝብ ክፍት ማድረግ ቢኖርባቸውም፣ የለጋሾቻቸውን ስም ይፋ እንዲያደርጉ ሕጉ በአብዛኛው አያስገድዳቸውም። በፈቃዳቸው የሚዘረዝሩ አሉ፤ ሊመሰገኑ ይገባል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ የጥናት ውጤት ሲጠቅስ፣ ወጪውን የሸፈነው ማን እንደሆነና ቁጥሩ የተመሠረተበትን ሁኔታ በዚያው አንቀጽ እንዲጽፍልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ተቋሙ ተጠይቆ ለመናገር ካልፈቀደም፣ አለመፍቀዱ ይጻፍልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ